ካዳቨር ክፍል ከመግባትሽ በፊት

አናቶሚ፣ የሰው አካል ክፍሎችን ትምህርት፣ በማስተምርባት በደሴ ከተማ የምትማር አንዲት የሕክምና ተማሪ ይህን ጥያቄ ልካልኛለች። ስሟን ትቼ ቃሏን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦

«ዶክተር፣ እንደምን አሉ? ፒሲ ዋን (የሕክምና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ነኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የአናቶሚ ላብ እንጀምራለን። ሲኒየሮቻችን ዓይናችሁ ያለቅሳል፣ ራሱን ስቶ የሚወድቅ አለ፣ ከዚያ በኋላ ለወር ሥጋ አትቀምሱም እያሉ ያስፈራሩናል። የዶርም ጓደኛዬ የዋድላ ልጅ ናት፤ እሷ ቀኑ አልደርስ ብሏታል። እኔ የቃሉ ልጅ ነኝ። አያቴ የሞተ ሰው አጥንቱ ሲነካ እንደ ቁም ሰው ያመዋል ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ፕላስቲክ ሞዴሉም፣ ስልክ ላይ የሚጫነው አፕም እያለ የሰው ገላ መቁረጥ ግድ ነው? ሌሎች ተማሪዎችስ ምን ይላሉ? ደግሞስ ሰውዬው ማን ነው? ቅሬ የለውም?»

ልጄ፣ የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው የቀብር ማኅበር) የለውም ወይ ያልሽው፣ ከሁሉም ይከብዳል። ብዙ ተማሪ በሆዱ ይዞት የሚዞረው፣ ግን አፍ አውጥቶ የማይጠይቀው እሱን ነው። ወደ እሱ እስክደርስ ታገሺኝ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ ሐኪም የሚሆን ሰው አናቶሚን በእውነተኛ የሞተ ሰው አካል፣ ካዳቨር በምንለው፣ ላይ መማር አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን ከተማሪው የሚጠይቅ ትምህርት ቤት በበኩሉ ሊያሟላው የሚገባ ነገር አለ፦ የሚተነፈስ አየር፣ ከመግባት በፊት የሚደረግ ዝግጅት፣ ትምህርቱ ሲያበቃም ለሟቹ ወግ ያለው ቀብር። እነዚህ ባሉበት የተማረና በሌሉበት የተማረ ተማሪ ስለ ካዳቨር የሚሰጡት አስተያየት አይገናኝም።

ሌሎች ምን ይላሉ ላልሽው፣ ይህ ጥያቄ በብዙ አገር ለሕክምና ተማሪዎች ቀርቧል፤ መልሳቸውም በአመዛኙ ይቀራረባል። አብዛኞቹ ካዳቨር የአናቶሚ ትምህርታቸው ዋና ክፍል እንደሆነና ቢቀርባቸው እንደሚጎዱ ይናገራሉ። ከመግባታቸው በፊት ጭንቀት ነበረባቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ግን እየቀለላቸው ሄደ። ምን አስቸገራችሁ ሲባሉ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ሽታውንና የዓይን ማቃጠሉን ነው። እንቅልፍ የሚነሳቸው፣ በሕልማቸው የሚመጣባቸው፣ ምግብ የሚያስጠላቸውም አሉ፤ ቁጥራቸው ያነሰ ነው እንጂ አይጠፉም። እኔ የማስተምራቸውም ይህንኑ ይነግሩኛል፤ የሚጨምሩት መጨናነቁን ነው። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ሲቆም ከኋላ ያለው የሚያየው የፊተኛውን ጋውን ብቻ ነው። «ካዳቨር ምንም አልጠቀመኝም» የሚሉኝን ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ አንድም ቀን ጓንት አጥልቀው አንድ ነርቭ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። የእነሱን አስተያየት በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ቅሬታቸው ግን ስለ ወረፋው እንጂ ስለ ካዳቨሩ አይደለም።

ስለ ሽታው በደንብ ላብራራ፤ ፍርሃት ነው ብለሽ ከምታስቢው ግማሹ ኬሚካል ነውና። ገላው እንዳይበሰብስ የሚወጋበት ፈሳሽ ዋናው ፎርማሊን ነው። ፎርማሊን ፎርማልዲሃይድ የተባለው ጋዝ ከ37 እስከ 40 በመቶ በሚሆን መጠን ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኝበት ነው። ብሉም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1893 ሥጋን እንደሚያጠነክርና ሳይበላሽ እንደሚያቆይ ካሳየ ወዲህ በዓለም ሁሉ ሲሠራበት ኖሯል። ፎርማልዲሃይድ ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያስራል፤ ስለዚህ ባክቴሪያ ሊያፈርሳቸው አይችልም፤ ሥጋው ግን ይደድራል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ሻጋታ እንዳይዘው ፊኖል፣ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን፣ ከዚያም አልኮል ይጨመርበታል። ድብልቁ ብዙ ጊዜ በብሽሽት ባለው ፊሞራል አርተሪ (አርተሪ ከልብ ደም የሚያወጣ ሥር ነው) ወይም በአንገት ባለው ካሮቲድ በኩል ቀስ ብሎ ይገባል፤ ገላውም ከዚያ በኋላ ለወራት ይቆያል። አንቺ ፊት የሚቀርበው ይህን ሁሉ ያለፈ ነው። በር ላይ የሚቀበልሽ ሽታ የመድኃኒት ሽታ ነው።

ዓይንሽ የሚያለቅሰውም በዚሁ ነው። ጋዙ የዓይንሽንና የአፍንጫሽን ስስ ሽፋን ሲነካ አምስተኛው የራስ ነርቭ፣ ትራይጀሚናል የምትማሪው፣ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል፤ እንባውም ይወርዳል። እዚያ ክፍል ያለቀሰ ተማሪ ሁሉ አዝኖ ወይም ፈርቶ እንዳይመስልሽ። ጥቂት ቆይተሽ ሽታው የጠፋ ሲመስልሽ ደግሞ አትዘናጊ፤ አፍንጫሽ ለመደው እንጂ ጋዙ አልሄደም።

ይህን ነገር አቅልሎ የሚናገር መምህር ቢገጥምሽ አትስሚው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ አንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ውስጥ የሚተነፍሰው በአማካይ ከሚሊዮን የአየር ክፍል ከ0.75 እንዳይበልጥ፣ ለ15 ደቂቃ ቢሆን ደግሞ ከ2 እንዳያልፍ ይደነግጋል። የአንድ ተማሪ የጥቂት ሰዓት ቆይታ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ከሚውል ቴክኒሻን ጋር አንድ አይደለም፤ እኔ ከሁሉ የማስበው ለቴክኒሻኖቻችን ነው። ቢሆንም ከአሁኑ ራስሽን መጠበቅ ልመጂ። በየፋርማሲው የሚሸጠው ሰማያዊ ማስክ ፈሳሽ እንዳይረጭብሽ ይከላከል እንደሆነ እንጂ ጋዙን አያቆምም፤ ጋዙን የሚያቆመው ለእሱ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ነው። ጓንትሽ ከላቴክስ ይልቅ ናይትራይል ቢሆን ይሻላል። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጊ ከሆነ የዚያን ቀን አውልቀሽ መነጽር አድርጊ። አስም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ተማሪ ለመምህሯ አስቀድማ ትንገር፤ ይህ የሚታፈርበት ጉዳይ አይደለም። ደሴ ብርድ ነውና ሁሉም መስኮት መዝጋት ይወዳል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እጅ ያደነዝዛል። እዚያ ክፍል ግን መስኮት ተከፍቶ ብርዱን በሹራብ መቻል ይበልጣል። ሥጋው ላይ ስታጎነብሺ ፊትሽ ጋዙ በሚነሳበት ላይ ስለሚሆን በየመሃሉ ቀና እያልሽ ወደ መስኮቱ ሄደሽ ተንፍሺ።

ራስን ስለመሳት ብዙ አላስረዝምም። የሚወድቀው በአብዛኛው ቁርስ ሳይበላ የመጣ፣ በሞቀና በታፈነ ክፍል ጉልበቱን ገትሮ ለረጅም ጊዜ የቆመ ነው። ቬገስ ነርቭ የልብ ምትን ያቀዘቅዛል፣ የእግር ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ያንሳል። ቁርስሽን ብዪ። ላብ ላብ ሲልሽ፣ ጆሮሽ ሲጮኽና ዓይንሽ ሲጨልም ለማንም ሳታፍሪ ቁጭ በዪ። ትልቅ ቀዶ ሐኪም ከሆኑት መካከል በተማሪነታቸው ከዚያ ክፍል ተደግፈው የወጡ አሉ። ሥጋ አለመብላቱም ያልፋል፤ ለጥቂት ቀን ሽሮ ብትመርጪ ምንም አትሆኚም።

ከሽታው ቀጥሎ ያለው ስሜት ከዚህ የጠለቀ ነው። ፊቱን ማየት የሚያስፈራ ይመስላችኋል፤ ፊቱ ግን ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ይቆያል፣ ትምህርቱም ከክንድ ወይም ከጀርባ ነው የሚጀምረው። ተማሪን ሳያስበው የሚይዘው እጅ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ጎበዝ ተማሪ የመዳፍ ቆዳ ልትገፍፍ ስካልፔሉን፣ የቀዶ ምላጩን፣ አስጠግታ ቆመች። ከጣቶቹ ሥር ያለው ቆዳ ወፍሮ ደንድኗል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር አንድ ወቅት ለሁለት ተሰንጥቆ የዳነ ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ አራሽ ነበር» አለችኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ጡንቻና ስለ ጅማት ስታወራ ነበር። ስካልፔሉን ለጓደኛዋ ሰጥታ በዚያ ቀን መመሪያውን ጮክ ብላ ስታነብ ዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ራሷ ጠይቃ መዳፉን ከፈተች፤ ከቆዳው ሥር ያለውን ጠንካራ ነጭ ሽፋን፣ ፓልማር አፖኒውሮሲስ የምንለውን፣ ያን ባች ሁሉ ያስተማረችው እሷ ናት። ያ መቆሟ የሚያስወቅሳት አልነበረም። ቆም የሚል ሐኪም እንዲኖረን እንፈልጋለን፤ ቆሞ ደግሞ ወደ ሥራው የሚመለስ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ነገሬ ብዬ ነው የምይዘው። ጨርቁ ሳይነሳ በፊት ምን እንደሚያዩ፣ ምን እንደሚሸታቸው፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ሁላችንም ቆመን ለጥቂት ጊዜ ዝም እንላለን፤ የሚጸልይ ይጸልያል፣ ዱአ የሚያደርግ ያደርጋል። በዚያ ቀን መውጣት የፈለገ ይወጣል፣ ለምን ወጣህ አይባልም። ሁለት ነገር ግን በፍጹም አልፈቅድም፦ ለሟቹ የቀልድ ስም ማውጣትና ስልክ ማውጣት። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ የካዳቨር ፎቶ ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ያ ሰው አይሆንም ማለት አይችልም።

አሁን ወደ ሞዴሉና ወደ አፑ ልምጣ። ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ ዛሬ ማታ ብትጀምሪባቸው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሞዴል የሚያሳይሽ መጽሐፉ ያለውን ነው። አርተሪው ቀይ፣ ቬይኑ (ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር) ሰማያዊ፣ ነርቩ ቢጫ ሆኖ በየቦታው ተቀምጧል፤ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ሺህ ሞዴሎች ሁሉ አንድ ናቸው። ሰው እንደዚያ አይደለም። አሁኑኑ ሞክሪው፦ አውራ ጣትሽንና ትንሿን ጣትሽን አጋጥመሽ የእጅሽን አንጓ ወደ ውስጥ እጠፊው። አንጓሽ መሃል ላይ ተወጥሮ የሚቆም ጅማት ካየሽ ፓልማሪስ ሎንገስ አለሽ ማለት ነው። ጓደኛሽ ላይ ላታገኚው ትችያለሽ፤ በአንድ እጁ ኖሮት በሌላው የሌለው ሰውም አለ። ይህ ጅማት ባይኖር ችግር የለውም፤ እንዲያውም ቀዶ ሐኪሞች ሌላ የተበጠሰ ጅማት ለመጠገን ይወስዱታል። ሌሎቹ ልዩነቶች ግን ሰው ይገድላሉ። ክርን አካባቢ ብራኪያል አርተሪ ወትሮ ከሚከፈልበት ቦታ ከፍ ብሎ የሚከፈልበት፣ ቅርንጫፉም ከቆዳ ሥር ላይ ላዩን የሚወርድበት ሰው ያጋጥማል። ይህን በዓይኗ ያላየች ሐኪም ቬይን መስሏት አርተሪ ውስጥ መድኃኒት ልትወጋ ትችላለች። ወደ ሐሞት ከረጢት የሚሄደው ትንሽ አርተሪ መነሻውና አካሄዱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሐሞት ጠጠር የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም ከሁሉ የሚጠነቀቀው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

ተማሪዎች «ካዳቨሩ ግራ ያጋባል፣ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፣ ሞዴሉ ይገባል» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ፎርማሊን ቀለሙን ያጠፋዋልና አርተሪውን ከቬይኑ በጣትሽ ነው የምትለዪው፤ የአርተሪ ግድግዳ ወፈር ብሎ ክብነቱን ይይዛል፣ ቬይን ይለጠፋል፣ ነርቭ ደግሞ ድፍን ገመድ ሆኖ ጣትሽ ሥር ይንከባለላል። ቤታችሁ በግ ሲታረድ አይተሽ ከሆነ ቆዳው ሲገፈፍ ከሥጋው ጋር አያይዞ የሚጎተተውን ነጭ ስስ ነገር አስታውሺ፤ ፋሺያ የምንለው ያንን ነው፤ ሞዴል ላይ ጨርሶ የለም፤ ቀዶ ሐኪም ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው በእሱ መካከል መንገድ እየፈለገ ነው። ግራ መጋባቱ ራሱ ትምህርቱ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ቁስለኛ በቀለም ተለይቶ አይመጣም።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። የጥንቱ ሐኪም ጋለን በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አናቶሚ አብዛኛው ከዝንጀሮና ከሌሎች እንስሳት የተገኘ ነበር። እሱን የሚያርመው እስኪገኝ ከሺህ ዓመት በላይ በአውሮፓም በአረቡም ዓለም እንደ እውነት ተነበበ። ጋለን የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ነበር። አናቶሚስቱ ቬሳሊየስ የሰው ገላ ራሱ ከፍቶ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው ሥራው አንድ አጥንት መሆኑን አሳየ። ሰው ያላየውን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ ሲቀባበል ስሕተቱ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው ከዚህ ይታያል።

ካዳቨር ሁሉን ያስተምራል ግን አልልሽም። ሳንባው አይነፋም፣ ልቡ አይመታም፣ መገጣጠሚያው ደርቋል። ለዚያ አልትራሳውንድና ሕያው በሽተኛ አለሽ። እ.ኤ.አ. በ1992 የኦስትሪያው ቲል ይፋ ያደረገው ዘዴ ገላውን ለስላሳና ተጣጣፊ አድርጎ ያቆያል። ጀርመናዊው ፎን ሃገንስ እ.ኤ.አ. በ1977 በሃይደልበርግ የጀመረው ፕላስቲኔሽን ደግሞ የገላውን ውሃና ስብ በአሴቶን አውጥቶ በሲሊኮን ይተካዋል፤ ደረቅና ሽታ የሌለው ይሆናል፣ ለዓመታትም ይቆያል። ሁለቱም ውድ ናቸው። በእኛ አቅም እኔ የምመርጠው መንገድ ፕሮሴክሽን ነው፤ መምህሩና ቴክኒሻኑ አስቀድመው በጥንቃቄ ያዘጋጁትን ክፍል ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን እየተፈራረቁ በእጃቸው ይዘው ይማሩበታል። አንድ ገላ ለብዙ ባች ያገለግላል፣ ከኋላ ቆሞ የሚቀርም አይኖርም። ራሳቸው እንዲቆርጡ የሚፈልጉ ተማሪዎች ይህን አይወዱትም፤ እረዳቸዋለሁ፤ በተጨናነቀ ክፍል ግን በችኮላ ከተበጣጠሰ ክንድ በደንብ የተዘጋጀ ክንድ የበለጠ ያስተምራል።

አያትሽ የነገሩሽ ከባዶ የመጣ አይደለም። የሞተን ሰው አጥንት መስበር በሕይወት ሳለ እንደ መስበር ነው የሚል ሐዲስ አለ። ዑለማዎችም ይህን ይዘው ነው የመከሩት። በመካ የሚሰበሰበው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 በ10ኛ ጉባኤው ለሕክምና ትምህርት ሲባል ገላን መክፈት እንደሚቻል ወስኗል፤ ይህም በቅድመ ሁኔታ ነው። ሟቹ ማንነቱ የታወቀ ከሆነ በሕይወቱ ሳለ የፈቀደ ወይም ወራሾቹ የፈቀዱ መሆን አለበት። መክፈቱም ከሚያስፈልገው መጠን እንዳያልፍ፣ የሴት ገላ በሴት ሐኪሞች እንዲከፈት፣ እነሱ ካልተገኙ ብቻ በሌላ እንዲሆን ይላል። ፈትዋ ግን ከእኔ አትውሰጂ። ወሎ የዳናና የጀማ ንጉሥ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ያሉበት አገር ነው፤ የሚጠየቅ ዓሊም አይጠፋም፤ ሄደሽ ጠይቂ፣ አያትሽም አብረውሽ ቢሄዱ ጥሩ ነው። ለዋድላዋ ጓደኛሽም አንድ ነገር ልበል፤ መቸኮሏ ጥሩ ነው፤ ኦሪት ዘፍጥረትን ብትከፍት ዮሴፍ አባቱን ያዕቆብን ባለ መድኃኒቶች በሽቱ እንዲያሹት አዝዞ 40 ቀን እንደፈጀ ታገኛለች። ገላን ማቆየት ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያዕቆብም ግን በመጨረሻ ተሸክመውት ሄደው በአባቶቹ መቃብር ቀበሩት። ሁለታችሁም ከየሃይማኖታችሁ የምታገኙት አንድ ቃል አለ፦ ገላውን መቅበር ዕዳ ነው።

እንግዲህ ቅሬ የለውም ወይ ላልሽው። እውነቱን ልንገርሽ፤ በአገራችን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚመጡት በአብዛኛው ሆስፒታል ውስጥ ሞተው ጠያቂ ዘመድ ያልተገኘላቸው ሰዎች ናቸው። ስማቸው ቢታወቅም ፈላጊ አልመጣም። አንቺ ከወሎ ስለሆንሽ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳሽም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቅሬው ጥሪውን ሰምቶ ይወጣል፤ መቃብር ይቆፍራል፣ እህሉን ያመጣል፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ጀናዛ ይሸኛል። በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ባለበት አገር ቅሬ ሃይማኖት አይጠይቅም። ከቅሬ መባረር ከብዙ የገንዘብ ቅጣት ይልቅ የሚፈራውም ለዚሁ ነው። ያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰው ቅሬ ሳይኖረው ቀርቶ ላይሆን ይችላል። ለቀን ሥራ ከአገሩ ርቆ ሄዶ፣ ታሞ፣ አገሩን ሳይናገር ሞቶ ሊሆን ይችላል። ቅሬው አንድ ቦታ ሆኖ የት ደረሰ እያለ ይሆናል።

ይህ የሚቆረቁርሽ ከሆነ ትክክለኛ ቦታ ነው የቆረቆረሽ። ያ ሰው አልፈቀደም። የዓለም አናቶሚስቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለትምህርት የሚውለው ገላ በሕይወት ሳሉ ፈቅደው ከሰጡ ሰዎች ብቻ እንዲሆን ጠይቋል፤ እኔም እስማማለሁ። ያልተፈቀደ ገላ የት ሊያደርስ እንደሚችል ኤዲንብራ አይታዋለች፤ በርክና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1828 ገላ ለአናቶሚ መምህር ለመሸጥ ሲሉ 16 ሰው ገድለዋል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1832 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ግድያውን አስቀረ፤ ነገር ግን ጠያቂ የሌለውን ድሃ ለትምህርት ቤቱ ሰጠ፤ ድሆችም ለረጅም ዘመን በድህነት መጠለያ መሞትን እንደ ቅጣት ሲፈሩት ኖሩ። እኛም ዛሬ ያለነው ከዚያው ደጃፍ ነው፤ እዚያ ልንቀር አይገባም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ታይቷል። በታይዋን ሁዋሊየን የሚገኘው የዙ ቺ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገላቸውን ፈቅደው የሰጡትን ሰዎች ቤተሰብ ከትምህርቱ በፊት ሄደው ይጎበኛሉ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ይጽፋሉ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ የቀዶ ሕክምና ስፌት ሰፍተው ልብስ አልብሰው ከቤተሰቡ ጋር ይሸኛሉ። ያቺ እጁን አይታ የቆመች ተማሪ የምትፈልገው ይህንን ይመስለኛል። በአገራችንም የዓይን ባንክ ከተቋቋመ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከሞትኩ በኋላ ብሌኔን ስጡልኝ ብለው ቃል የገቡ ሰዎች አሉ። ገላን መስጠት ከዚያ በእጅጉ ይከብዳል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ቅሬው ሳይሰማና ሳይስማማ የሚሆን አይመስለኝም። ሰውዬው ፈቅዶ ቢሞት ድንኳኑ ያለ ገላ ይተከላል? ሰደቃው፣ ተስካሩ መቼ ይሁን? አጥንቱ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ማን ይቀበለዋል? ይህን ከቅሬ ዳኞች፣ ከሸኾችና ከካህናት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የእኛ የመምህራን ሥራ ነው፤ ገና በቅጡ አልጀመርነውም።

እስከዚያው ልናደርገው የምንችለው ነገር ግን አለ፤ ቅሬው እኛ መሆን እንችላለን። ትምህርቱ ሲያበቃ ከአንድ ሰው የተገኘው ሁሉ፣ የተገፈፈው ቆዳ ሳይቀር፣ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ይቀበር። ለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየጠረጴዛው ሥር ምልክት ያለው መያዣ ሊኖር ይገባል፤ የአንዱ ከሌላው እንዳይቀላቀል። ሃይማኖቱ ካልታወቀ ሸኽም ቄስም ይጠሩ፤ ወሎ ውስጥ ይህ የሚያስገርመው ሰው የለም። ተማሪዎቹ ቆመው ይሸኙት። አንቺም ክፍልሽን «ትምህርቱ ሲያልቅ ይህ ሰው የት ነው የሚቀበረው? እኛስ መገኘት እንችላለን?» ብለሽ ጠይቂ። በአክብሮት ከተጠየቀ የሚቆጣ መምህር አይኖርም፤ ቢኖርም ጥያቄው ተገቢ ነው።

ለአያትሽ ምንም አትደብቂያቸው። ሰውዬው መድኃኒት እንደተደረገለት፣ ማንም እንደማይቀልድበት፣ በመጨረሻም እንደሚቀበር ንገሪያቸው፤ ዱአ እንዲያደርጉለትም ለምኛቸው። ወር አልፎም እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ወደ እኔ ወይም ወደ ክፍል አማካሪሽ ነይ፤ የምትመጪው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም።

እስከ ሳምንት የቀረውን ጊዜ በአጥንት ተጠቀሚበት። ክላቪክል፣ ስካፑላና ሂውመረስን ከላብ ተውሰሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ በእጅሽ እየዳሰስሽ የቀኙን ከግራው ለዪ። ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቮች መረብ፣ ከአፑ ላይ ሦስት አራት ጊዜ በወረቀት ሣዪው፤ ብብት ሲከፈት መጀመሪያ የምትፈልጊው ሦስቱ ነርቮች በአርተሪው ፊት ለፊት የሚሠሩትን የኤም ፊደል ቅርጽ ነው። እሱን ካገኘሽ የቀረውን ከዚያ ተነስተሽ ትከታተይዋለሽ። ቁመትሽ አጠር ያለ ከሆነ መቆሚያ ጠይቂ፤ በመጀመሪያው ቀን ከኋላ አትቁሚ።